የቆመች መኪና የት ትሄዳለች

፩

«61 ነው። ከትናንት ወዲያ 64 ነበር። የት ሄድሽባት?»

መልእክቱ የወንድሜ ነው። እሱ የላከው ከአዲስ አበባ፣ እኔን ያገኘኝ ደብረ ብርሃን፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ነው። መኪናዋ ከገመዱ ሥር ቆማለች። የአንድ ፎጣ ጫፍ እንዳይነካት ገመዱን ራሴ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ጻፍኩለት።

«የትም።»


፪

ወንድሜ በቁጥር ከሰሰኝ፤ እኔም በቁጥር እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ ከአንድ ተነስቶ የሚቆጥረው ስለዚህ ነው። አንዳንዱ ቁራጭ አጭር ነው፤ አንዱ ደግሞ ባዶ ነው። ባዶው ላይ ስትደርሱ የማተሚያ ቤት ስህተት እንዳይመስላችሁ።

የሺመቤት ደምሰው እባላለሁ። ሰፈር የሺ ይለኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የኤንትሬ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለእኔ አስተማረኝ፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ሰፈሩ ሳቀበት። «ደምሰው በስተርጅና ሬዲዮ ገዛ፣ ያውም ጎማ ያለው» አሉት። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ፣ እኔ እየነዳሁ፣ ከመናኸሪያ ሰው ስናመላልስ ከረምን። እንጀራዬ እሷው ነበረች። አንድ ቀን ወደ ጠባሴ ስንወርድ፣ ሌላ ሰው ሳይሳፈር፣ «ይቺ ያንቺ ናት። ለወንድምሽ ለአጥናፉ እኔው እነግረዋለሁ» አለኝ።

ሳይነግረው ሞተ።


፫

የሠልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ነገሩን ያነሳው ጋሼ አጥናፉ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን እዚህ ላይ ካልጻፍኩት ወደ ታች ስወርድ የምጽፈው አይመስለኝም።

«መኪናዋ ትሸጥና እኩል እንካፈል፤ ወጉም ሕጉም ይኸው ነው» አለ።

«አባባ ለኔ ሰጥቶኛል።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላስ?»

«መንገድ ላይ ነበርን።»

«አየ መንገድ!» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ። እጁ ‹እንግዲህ ፍረዱ› ይላል።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽበሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰውዬው አፈር ሳይደርቅ በንብረቱ አትነታረኩ። አርባው እስኪወጣ መኪናዋ ባለችበት ትቁም። የአርባው ዕለት እንፈርዳለን» አሉ። ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የአባቴ የነፍስ አባት መምሬ ጌጡ መስቀላቸውን አውጥተው ተነሱ።

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ በጴጥሮስ፣ በጳውሎስ ገዝቻለሁ። አርባው እስኪወጣ መኪናይቱን ማንም እንዳይነዳ፣ ማንም እንዳያንቀሳቅስ፣ ማንም እንዳይነካ።»

«አሜን» አልን። ከሁላችንም ጮክ ብሎ ያለው አጥናፉ ነበር።


፬

ግዝት ላልገባው፦ ቄስ በእግዚአብሔር ስም የሚያጥረው አጥር ነው። አጥሩ አይታይም፤ የዘለለው ግን ይታወቅበታል ይባላል። ድንበር የሚያጣላ መሬት ይገዘታል። ወንድማማች የተጣሉበት በሬ ይገዘታል። ባሕር ዛፍ ሲገዘት በዓይኔ አይቻለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን፣ እስከማውቀው፣ የመጀመሪያዋ የኛዋ ናት።


፭

ግዝቱን የጣሱ፦

ውርጭ። በየማለዳው ጣሪያዋ ላይ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

የአክስቴ ዶሮ። ከፊተኛው መስታወት ሥር እንቁላል ጥላለች። እንቁላሉን ለማንሳት መኪናዋን መንካት ግድ ስለሆነ፣ እንቁላሉም ተገዘተ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል።

አክስቴ። እዚህ ላይ ክርክር አለ።

እትዬ ማሚቴ የአባቴ እህት ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ማለዳ የአባቴን የሱፍ ባና ታቅፋ ከቤት ወጣች።

«በዚህ ብርድ እንዲሁ ስትቆም አንጀቴ አልቻለም» አለች።

«ልትነኪያት ነው እትዬ?»

«ምን በወጣኝ!»

ወደ ኋላ ራቅ አለችና ባናውን እንደ መረብ ወረወረችው። ግማሹ ጣሪያዋ ላይ አረፈ፤ ግማሹ ጭቃ ላይ። እትዬ ማሚቴ እጆቿን አራገፈች።

«ባናው ነካ እንጂ እኔ ምን ነካሁ?»


፮

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ሳልናገር ሩቅ ሄድኩ። ይቅርታ፤ ሹፌር ነኝ፣ ወደ ኋላም እነዳለሁ።

መኪናዋ የተገዛች ጊዜ፣ በስልክ የሚከታተሏት አንድ አፕ አብሮ መጣ። የአባቴ ስልክ የሚደወልበትና የሚዘጋበት ብቻ ነው። የኔም አልቀበለውም አለ። ስለዚህ አጥናፉ በራሱ ስልክ ላይ ጫነው። አፑ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደቀረው። ካርታ አለው፤ ግን እዚህ አገር አይሠራም፣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ስትቆም 82 ነበረች።

አጥናፉ መጀመሪያ የላከልኝ «79» የሚል ብቻ ነው። ለደህንነቷ ያሰበ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ቀጥሎ «75?» ብሎ ላከ። ጥያቄ ምልክቱን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ «70!!» መጣ። ከዚያ በቁራጭ አንድ ላይ ያለው። እድሩ በተሰበሰበበትም ለጋሽ ሽበሺ ደውሎ፣ ድምፁ ለሁሉም ተከፍቶ፣ «የሺ ግዝት ጣሰች» አለ።

«ኪሎ ሜትሩን እዩ» አልኩ። ስትቆም ስንት ላይ እንደነበረች ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሐል መኪና ሲገዘት ኪሎ ሜትር ይነበብ ያለ አልተገኘም፤ በሬ ሲገዘት የሚነበብ ነገር የለማ።

«ከጎማዋ እስከ ግድግዳው ሸረሪት አድርቷል፤ ፎቶ አንስቼ ልላክልህ» አልኩ።

«ሸረሪት ባንድ ሌሊት ይሠራል» አለኝ።

«እትዬ ማሚቴን ጠይቃት።»

«እሷማ ላንቺ ስትል ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ትላለች።»

ይሄኛው እውነት ነው።

«ቁልፉ እኮ ጋሽ ሽበሺ ጋ ነው!»

«ትርፍ ቁልፍ እንዳለ አላውቅም መሰለሽ?»

ትርፉ ቁልፍ ከአባቴ ጋር ሆስፒታል ሲመላለስ ጠፍቷል። እንደጠፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ስንት ዋጋ እንዳለው በቁራጭ ሦስት ላይ አይታችኋል።


፯

ጋሽ ሽበሺ ቤት። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

የሺ፦ ባትሪው እየወረደ ነው። እርስዎ አጠገቤ ቆመው ቻርጅ ላድርጋት።

ሽበሺ፦ ቻርጅ ማድረግ መንካት ነው ወይስ አይደለም?

የሺ፦ ነው።

ሽበሺ፦ በይ እንግዲህ፣ መልሱን ራስሽ ሰጠሽው።

የሺ፦ ጨርሳ ወርዳ ከቆየች ባትሪው ይሞታል። እኔም አልሠራባት፣ ጋሼም አይሸጣት።

ሽበሺ፦ የኔ ላንድሮቨር ክረምቱን ሙሉ ቆማ፣ በጎረምሳ ተገፍታ ተነስታለች።

የሺ፦ ይቺ ተገፍታ አትነሳም።

ሽበሺ፦ ተገፍቶ የማይነሳ መኪና ደምሰው ምን ሊያደርግለት ገዛ?

የሺ፦ (ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሳ አልኩ።)

ሽበሺ፦ አትቀየሚኝ ልጄ። የቆመ መኪና ነዳጅ ሲጠጣ አላየሁም። ኮርቻ የወረደለት በቅሎ ላብ አያልበውም። ካላበው ሰው ተቀምጦበታል።

የሺ፦ በቅሎ እኮ ቆሞም ይበላል ጋሽ ሽበሺ።

ሽበሺ፦ (ሳቁ። ግን ቁልፉን አላወጡም።)


፰

ነገሩ ስለ ባትሪ መሆኑ እዚህ ላይ አበቃ።

ልወጣ ስል ጋሽ ሽበሺ በሩ ድረስ ሸኙኝና እንዲህ አሉ። «የአርባው ዕለት የምንፈርደው በቃል ነው፤ ወረቀት የለሽም። ግዝት ያከበረ ሰው ‹አባቴ እንዲህ አለኝ› ቢል ይታመናል። ግዝት የጣሰ ሰው ቢልስ?»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር የአባቴ ቃል አብሮ ይወርዳል። ባትሪው ዜሮ ሲገባ እኔም ውሸታም ሆኜ እቀራለሁ። መኪናዋን ብቻ አይደለም የምቀማው፤ ያቺን የጠባሴ መንገድ፣ አባባ የተናገረባትን፣ አብረው ይቀሙኛል።

ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ባትሆንም ወሬ ሲሆን ትጠባለች። ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስቀመጥ ከጎኔ ያለችው ሴት ነጠላዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ገታ አድርጎ «የሺ፣ ዛሬስ ወዴት ነው ጉዞው?» ይለኛል። ባለሱቁ ሳሙና እያቀበለኝ «ግዝቷ በመቶ ስንት ደረሰች?» አለ።

«ከሚዛንህ የተሻለ ልክ ናት» አልኩት።

ሳሙናውን ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ።


፱

መምሬ ጌጡ ለእኔ አዝነው መጡ። መፍትሔም ይዘው ነው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆመሽ ‹አልነካሁም› ብለሽ ማይ። በዚያው ያልቃል። አንቺም ታርፊያለሽ፣ ሰውም ያርፋል።»

«የከሰሰኝ ሰው ምን ላይ ቆሞ ነው የሚምለው አባ?»

«እሱማ… የሚጠረጠረው ነው የሚምለው።»

«እኔ ዝም ብዬ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። እሱ ተነስቶ ጠረጠረኝ። እሱ በጠረጠረ እኔ ለምን የእግዚአብሔርን ስም እጠራለሁ?»

«ልጄ፣ እውነት ከያዝሽ መማል ምን ይከብድሻል?»

«እውነት ስለያዝኩ ነው።»

መስቀላቸውን ወደ ግንባሬ አስጠጉ። ተሳለምኩ። ከዚያ ቀና ብዬ በግልጽ ነገርኳቸው።


አልምልም።


፲

ያልሠራሽው ነገር ላይ ስትከሰሺ እንዲህ አድርጊ፦

አታልቅሺ። ጸጸት ነው ይላሉ። አትሳቂ። ድፍረት ነው ይላሉ። ሰላምታ ስትሰጪ ድምፅሽን አትቀንሺ። ‹እንዴት አደርሽ› ሳይሉሽ ላለፉ እንኳ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› በያቸው፤ እግዜሩ የነሱ ብቻ አይደለም።

ልብስሽን ከመኪናዋ በላይ አስጪ።

ከመኪናዋ አጠገብ ሆነሽ ሥራሽን ሥሪ። እንደ ሌባ ርቀሽ አትዙሪያት።

ጆሮሽን ክፍት አድርጊ። ይህ የመጨረሻው ምክር ለኔ ጠቅሞኛል።


፲፩

ቋ።

ከዚያ እንደ ቀፎ ንብ፣ ከሆዷ ውስጥ፣ እምምም።

መጀመሪያ የሰማችው እትዬ ማሚቴ ናት። ሽንኩርት እየላጠች ደጅ ተቀምጣለች። ቢላዋዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

«ደምሰው ነው» አለች።

«ምኑ?»

«መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ይንጎራደዳል። አርባው እስኪወጣ ነፍስ ከወደደችው ዕቃ አትለይም። ቋ ሲል መሪውን መፈለጉ ነው።»

ወጣሁ። ዝም ብላለች። ዶሮዋ ብቻ ከሥሯ ወጥታ ትጮኻለች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ማሚቴ እንደገና ሰማች። ከምሳ በኋላም ሰማች። አመሻሽ ላይ የራሷን ባና ለብሳ ወጥታ፣ ከሩቅ ቆማ ስትቆጣ አገኘኋት።

«ወንድሜ፣ እረፍ እንጂ! በየሰዓቱ እየገባህ እየወጣህ ልጅቱን አሳማሃት። ብትናገር ተናገር፤ ባትናገር ውረድ!»

እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። መልሳ ከቤት ስታስገባኝ ግን አልሳቅኩም። የሞተ ሰው ድምፅ ነው ብዬ አላመንኩም። ያልሞተ ሰው ድምፅ እንደሆነ ደግሞ ገና አላወቅኩም።


፲፪

ቀን ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች። አጥናፉ ደወለ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው የማናግረው፤ እትዬ ማሚቴ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች።

«የሺ፣ ስሚኝ። የቤታችንን ነገር ሰው መሳቂያ አናድርገው። ነድቻለሁ በይና ሽማግሌ ይቅር ይበልሽ።»

«አልነዳሁም።»

«እሺ፣ ሞተሩን አስነስተሽ ሙቀት ከፍተሽ ተቀምጠሽባት ይሆናል። ብርድ ነው፤ እረዳሻለሁ።»

«በምን ቁልፍ?»

«እኔ የማየውን ነው የምናገረው! ይኸው፣ አሁን ከፍቼ ልይ—»

ቋ።

እምምም።

እትዬ ማሚቴ ምስሩን ደፋችው። «ይኸው! መጣ!»

እኔ አልተነቃነቅኩም። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ መኪናዋን አየኋት።

«ጋሼ፣ አሁን ምን አደረግክ?»

«ምን አደረግኩ? አፑን ከፈትኩ። 49 ናት። አየሽ?»

«ዝጋው።»

«ምን?»

«አፑን ዝጋው። ስልኩን አትዝጋ፤ አፑን ብቻ።»

ዘጋው። ጠበቅን። እሱ የሥራ ጉዳይ አለብኝ ይላል፤ እኔ ቆይ እላለሁ። እትዬ ማሚቴ ታማትባለች። እምምታው ብዙ ቆይቶ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ግቢው ውስጥ የዶሮዋ ኮቴ ብቻ ቀረ።

«አሁን እንደገና ክፈት» አልኩት።

ቋ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታያት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ። ጠዋት። ቢሮ ስገባ። ሻይ ስጠጣ። አንቺን ሳስብ… ባሰብኩሽ ቁጥር።»


፲፫

እሱ ያያል።

ሲያይ ትነቃለች።

ስትነቃ ትበላለች።

ስትበላ ቁጥሩ ይወርዳል።

ቁጥሩ ሲወርድ ይጠረጥራል።

ሲጠረጥር ያያል።


(ይህን ቁራጭ ከታች ወደ ላይ ብታነቡትም ያው ነው።)


፲፬

አመነ? አላመነም።

«እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ደብረ ብርሃን ያለ ባትሪ ልብላ? አሁን ደግሞ ሌባዋ እኔ ልሁን?» አለና ዘጋው። የተማረ ሰው ነው፤ ነገሩ አልጠፋውም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረውን ቃል በስልክ ብቻውን ሆኖ መዋጥ አቃተው። እኔ ብሆንም ያቅተኝ ነበር። እኔ ግን አይደለሁም የተናገርኩት።

ለድግሱ ዝግጅት አርባው ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው መጣ። እሑድ ነበር። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃል። መምሬ ጌጡ ቆመዋል፤ ጋሽ ሽበሺ ከዘራቸውን ተደግፈዋል፤ ወንድሜ መሐላቸው ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ፊታቸው ሄድኩ።

«አባ፣ አንድ ነገር እንዲገዝቱልኝ ነው።»

«ምን ልጄ?»

«የጋሼን ስልክ።»

ሰው ሳቀ። ጋሪ ነጂው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

«ስልክ ይገዘታል እንዴ?» አሉ መምሬ ጌጡ።

«መኪና ከተገዘተ?»

«አንቺ ልጅ…»

«እርስዎ የገዘቱት እንዳይነዳ፣ እንዳይንቀሳቀስ፣ እንዳይነካ ነው። ጋሼ በየሰዓቱ ከአዲስ አበባ እየቀሰቀሳት ነው። ይህ ማንቀሳቀስ ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ አሜን ያልኩትን ጠብቄያለሁ። እሱም አሜን ብሏል። ይጠብቅ።»

«እብደት ነው!» አለ አጥናፉ። «ማየት እንዴት መንካት ይሆናል?»

«ካልሆነ ምን ቸገረህ? አርባው እስኪወጣ አትያት። እኔ እየነዳኋት ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ውሸቴ በሰው ፊት ይወጣል። መኪናዋንም ውሰዳት፤ አንድ ቃል አልናገርም።»

ሳቁ ቆመ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ቤት ሳለሁ አላሰብኩትም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እትዬ ማሚቴ ከኋላዬ «ኧረ ምላስሽ!» ስትል ሰማኋት። አልመለስኩትም።

ጋሽ ሽበሺ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ጥሩ ነው» አሉ። «አጥናፉ፣ ምን ትላለህ? ትፈራለህ?»

«ምን ያስፈራኛል!»

አፑን ከፍቶ ለመምሬ ጌጡ ሰጣቸው። መምሬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ እንደ ዳዊት ቃል በቃል አነበቡ። «ሠላሳ… ስምንት።» ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ መስቀሉን ስልኩ ላይ አሳርፈው ገዘቱ፤ አርባው እስኪወጣ ይህችን መስኮት የሚከፍት እጅ፣ የሚያይ ዓይን…

«አሜን» አለ አጥናፉ። በዚህኛው ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።


፲፭




(ማንም አላየም።)




፲፮

የአርባው ዕለት ፍትሐቱ አልቆ፣ ድግሱ ተበልቶ፣ ሰው ወደ ግቢው ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ባዶውን ቀረ። የአባቴ የገብርኤል ማኅበርተኞች እንኳ ጠላቸውን ይዘው ቆሙ። መኪናዋ መሐል ላይ ናት፤ ባናዋ ግማሽ ጎኗ ላይ፣ ሸረሪቷ እንደነበረች።

መምሬ ጌጡ ሁለቱንም ግዝት ፈቱ፤ የመኪናዋንና የስልኩን።

«ክፈት» አሉ ጋሽ ሽበሺ።

አጥናፉ ስልኩን አወጣ። ጣቱ አፑን ሲነካ፣

ቋ።

ሰው ወደ ኋላ ተሸማቀቀ። እምምታው ከሆዷ ተነሳ። ቁልፉ ጋሽ ሽበሺ ኪስ ውስጥ ነው፤ መኪናዋን የነካ እጅ የለም።

«አላልኳችሁም!» አለች እትዬ ማሚቴ። ምን እንዳለቻቸው ግን የጠየቃት የለም።

«ስንት ትላለች?» አሉ ጋሽ ሽበሺ።

ወንድሜ ስልኩን አየ። ቀና አለ። እንደገና አየ።

«ሠላሳ ሰባት።»

«ካለፈው እሑድ ወዲህ አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ» አሉ መምሬ ጌጡ። «ሠላሳ ስምንትን በጣቴ ነክቼ ነው ያነበብኩት።»

«አንዷን ውርጩ በልቷት ነው» አለች እትዬ ማሚቴ። ሰው ፈገግ አለ። ጋሪ ነጂው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ጋሽ ሽበሺ ተናገሩ። «ይቺ ልጅ ግዝት አልጣሰችም። የቆመ መኪና እንደሚበላም ዛሬ አወቅን፤ ሰው ባልበላ። ግዝት ያከበረ ቃሉ ይከበራል። አባቷ ሰጠኝ ካለች ሰጥቷታል። አጥናፉ፣ ቅር ይልሃል?»

«አይለኝም» አለ ወንድሜ፤ ለመሬቱ።

ጋሽ ሽበሺ ቁልፉን ከኮታቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። ከሠልስቱ ወዲህ ያልነካሁት ቁልፍ ነው። የመናኸሪያው ተራ ታየኝ፤ እንጀራዬ ታየኝ። መሸጥ የለም፣ መካፈል የለም። እጄን ብዘረጋ ያልቃል።

አልዘረጋሁም።

«ተቀበይ እንጂ።»

«ይቅርታ ጋሽ ሽበሺ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

አጥናፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የሺ፣ ተይ። ገብቶኛል። ማታ ቤት ውስጥ እናወራለን።»

«የከሰስከኝ ማታ ቤት ውስጥ አይደለም።»

«ቁልፉን ተቀበይ፤ የፈለግሽው እሱን አይደል?»

«እሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔ ምዬ ወስጄው ነበር።»

«ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ሰው ፊት ያልከውን ሰው ፊት መልስ። ካልመለስከው ቁልፉን አልቀበልም፤ መኪናዋ እዚሁ ትቁምና ዜሮ ትግባ።»

እውነቴን ነበር። ጋሽ ሽበሺም እውነቴን እንደሆነ አወቁ መሰለኝ፣ የተዘረጋ እጃቸውን አላጠፉም። ጠላ የያዘ ጠላውን እንደያዘ ቀረ።

ቀጥሎ ያለው ቦታ የወንድሜ ነው። በኔ እጅ ልሞላለት እችል ነበር፤ ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝና። ነገር ግን እኔ ያልሠራሁትን በኔ ስም ሲጽፍ የከረመው እሱ ነው፤ እሱ ያላለውን በሱ ስም አልጽፍም። ያለውንም ቢሆን አላቀብለውም። በቦታው ቆማችሁ እናንተ ስሙት።

የሺ፦ በል ጋሼ። ሁሉም ይሰማል።

አጥናፉ፦